ከእንግዳው በማግስቱ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ሳለ አንድ ሻንጣ ያዘለ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «እናቴ፣ እዚህ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ እንድመልስ መንግሥት ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ደመወዝ ሲከፍለኝ ኖሯል። አፌን ስከፍት ግን ቀድሞ የወጣው፣ «መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ከፈለግህ ከዚያ ሻይ ቤት ጀርባ ንጹሕ አለ» የሚል ሆነ። ልጁ ደነገጠ። እኔም ሳቄ መጣብኝ። ከዚያ ሐይቁንም ገዳሙንም በወጉ ነገርኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያ የመጀመሪያው መልስ የኔ አልነበረም፤ የጋሽ እንድሪስ ነው። ብዕር ያስነሳኝም የእሳቸው ነገር ነው።

ዘነበች እባላለሁ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት የቱሪዝም ባለሙያ ሆኜ ነው፤ መጀመሪያ ውጫሌ፣ በኋላ ሐይቅ። የምሠራበት ክፍል አንዴ ከስፖርት፣ አንዴ ከማስታወቂያ፣ አንዴ ከወጣቶች ጋር እየተጋባና እየተፋታ ስለኖረ የማኅተሙ ቀለም ሳይደርቅ ስሙ የሚቀየርበት ጊዜ ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ አላወራም። ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ እኔን አላወፈረኝም። ሥራው ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን አንድ ነበር። መንገደኛው ትንሿን ከተማ ዝም ብሎ እንዳያልፋት፣ ወርዶ እንዲቀመጥ፣ ተቀምጦ እንዲበላ፣ በልቶ እንዲያድር ማድረግ ነው።

ውጫሌ የገባሁት ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። የተማርኩት ታሪክ ነበርና ነገሥታቱን ከነዘመናቸው በቃሌ እደረድራለሁ። ቱሪዝም ማለት ይህን ለፈረንጅ መተረክ ይመስለኝ ነበር። ኃላፊዬ ጋሽ እንድሪስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ቁራጭ ሳሙና የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ወደዚህ ሥራ የመጡት ከመምህርነት ነው። ቱሪዝም የሚባል ትምህርት ደጃፍ አልደረሱም። በልጅነታቸው ግን ከአባታቸው ጋር አህያ እየነዱ ገበያ ለገበያ ስለዞሩ መንገደኛ ምን እንደሚቸግረው በእግራቸው ተምረውታል።

የመጀመሪያው መስከረሜ መጣ። ለመስከረም ሃያ አንድ ግሸን ማርያምን የሚሳለመው ሕዝብ በአውቶቡስ በአውቶቡስ ሆኖ ያልፋል። ጋሽ እንድሪስ በጠዋት መንገድ ዳር አቁመውኝ፣ «ምን ታያለሽ?» አሉኝ።

«ሕዝብ» አልኩ። «ብዙ ሕዝብ።»

«እኔ የማየው ሽንት የያዘው ሕዝብ ነው» አሉ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም። «አየሽ፣ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ወንዶቹ ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። ሴቶቹስ?»

ሴቶቹ አልወረዱም። በመስኮት ያዩናል።

«ያልወረደ ሰው ምን ይገዛል?» አሉኝና መልስ ሳይጠብቁ መንገዱን ተሻገሩ። እዚያ የነበረችውን የሻይ ቤት ባለቤት ጓሮዋ ውስጥ ያለውን መጸዳጃ ቤት ለመንገደኛ እንድትከፍት ለመኗት። ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «የግሸን ተሳላሚ ሁሉ እኔ ጓሮ ሊራገፍ ነውንዴ? ኧረ ጋሼ ይተውኝ!» አለች። ጋሽ እንድሪስ ከኪሳቸው ሳሙናዋን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሳሙናው ከኔ፣ ውኃው በጀሪካን ከጽሕፈት ቤቱ። ሦስት ቀን ብቻ ሞክሪው። ካልሆነልሽ እኔው ራሴ ቆሜ አጸዳልሻለሁ» አሉ። ሴትዮዋ የሳቸው ማጽዳት እንዳይመጣባት ፈርታ ይሁን አዝናላቸው እንጃ፣ እሺ አለች።

በሦስተኛው ቀን ያ ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር አጥሮት ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሴቶቹ ወርደዋል። የወረደች ሴት ለልጇ ዳቦ ትገዛለች፣ ለሽቅቡ ዱላ ትመርጣለች፣ ሰማዩን አይታ የዝናብ ላስቲክ ትጠይቃለች። አንዱ አናጢ ምርኩዝ ጠርቦ ደረደረ። አንዷ ቆሎ አመጣች። በሚቀጥለው ዓመት መስመሩ ላይ ያሉት ሻይ ቤቶች አንድ ባንድ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ እኔም ስለ ነገሥታት የማውቀውን ለጊዜው ወደ ጎን አደረግሁት።

ከጋሽ እንድሪስ ጋር ስምንት ዓመት ሠራሁ። ከአንደበታቸው ይልቅ ከልማዳቸው የተማርኩት ይበልጣል። አዲስ ቦታ ስንሄድ መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ መቀመጫ ይፈልጋሉ፤ የቦታውን ታሪክ የሚጠይቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲራመዱ በአምባሰል ቅኝት ያፏጫሉ፤ ፉጨቱ ከቆመ የሆነ ነገር አይተዋል ማለት ነውና እኔም ቆሜ እፈልጋለሁ። ከሁሉ ከሁሉ ግን አንድ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። እንግዳ አንድ ቦታ ካረፈ እሳቸው የሚሄዱት በማግስቱ ነው፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ።

«ከእንግዳ ጋር የሄደ ሰው የሚያየው ድግሱን ነው» ይሉኛል። «በማግስቱ የሄደ ቤቱን ያያል። ምን ተረፈ? ምን ጎደለ? ማን ደከመ? ይኸው ነው ሥራችን፣ ዘነቡ።»

እኔም እሺ እላለሁ። እሺ ማለትና መስማት ግን ለየቅል ናቸው።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የመጣው ኃላፊ ደግ ሰው ነበር፣ ግን ፍቅሩ ከታፔላ ጋር ነው። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ትልቅ ታፔላ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ አስተከለ። መኪና እዚያ መቆም አይችልም፤ ቢቆም ይገለበጣል። እንግዳው የሚያነበው እየበረረ ስለሆነ «እንኳን» የሚለውን ካየ «መጡ» የሚለውን አያይም። አላማሁትም፤ እኔን ወደ ሐይቅ ያዛወረኝ እሱ ነውና እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሐይቅ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። እንግዳ አለ። ደሴ ቅርብ ስለሆነች ቅዳሜና እሑድ ሰዉ ይመጣል፣ ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ሌላው ለገዳሙ ይመጣል። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኔ ስንትና ስንት ሰው ሳስጎበኝ የኖርኩትን ቦታ ከደጁ በላይ አላውቀውም። አንድ አባት በር ላይ ቆመው የውስጡን ነገር እንደ ሥዕል አድርገው ስለነገሩኝ ወንዶቹን እንግዶች «ስትገቡ በስተቀኝ ይህን ታያላችሁ» ብዬ እልካቸዋለሁ፤ ሲወጡም «ልክ እንዳልሽው ነው» ይሉኛል። ይሁን እንጂ እንግዳ ከማታ በፊት ከሄደ የእራቱም የአልጋውም የቁርሱም ገቢ ከሱ ጋር ሄደ ማለት ነው። ለከተማዋ የሚቀራት የዓሣ አጥንት ነው ብዬ አንድ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ሰው አስቄአለሁ።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባሉ የገበሬ ቤቶች እንግዳ ማሳደር የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቦታው ያምራል፣ ውኃው ጸጥ ያለ ነው፣ ሰዉ እስላሙም ክርስቲያኑም እንግዳ ወዳድ ነው። ሦስት ቤት መረጥኩ። የመጀመሪያው የከድጃ ቤት ነበር።

ከድጃ በዕድሜ ከኔ ብዙም አትርቅም። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ይዛ የቀረች፣ ቤቷን እንደ መስታወት የምታጸዳ ሴት ናት። በረቷ ውስጥ ጥቂት በጎችና አንዲት ቀይ ጊደር ነበሩ። ጊደሯ ባሏ ትቶላት ከሄደው ላም የተወለደች የመጨረሻዋ ናት፤ ላሟ ሞታለች። የቤቱ ወተትም የልጆቹ ደብተርም ነገ ከዚያች ጊደር ይጠበቅ ነበር። ይህን ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ነግራኛለች፤ እኔም በማስታወሻዬ «ማራኪ የገጠር አኗኗር» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ፍራሹ ይህን ያህል ውፍረት፣ አንሶላው ነጭ፣ ከነመቀያየሪያው ሁለት፣ ብርድ ልብሱ አዲስ ይሁን አልኳት። ሥራውን ከሚደግፍ አንድ ማኅበር የሚመጣ ገንዘብ አለ፣ ከዘገየም ከገቢሽ ታካክሺዋለሽ አልኳት። እንግዳው ሲሄድ ክፍያውን በፖስታ አድርጎ ይሰጥሻል አልኳት። ከድጃ ለሁሉም «እሺ እታለም» አለችኝ።

እንግዶች መጡ። መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ አንዳንዴም ፈረንጆች። ሁሉም ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እኔ እየወሰድኩ አስረክባቸዋለሁ፣ አብሬ እራት እበላለሁ፣ እሄዳለሁ። ከድጃ ቤት ማድ ቤት ውስጥ የክርስቲያን ድስት ለብቻው ተሰቅሏል። እንግዳው ክርስቲያን ከሆነ በጉን የሚባርኩት ጎረቤቷ አያ መኮንን ናቸው፤ እስላም ከመጣ ደግሞ በአያ መኮንን ቤት የእስላሙን በግ የሚያርደው የከድጃ ወንድም ነው። ይህን ለእንግዶች ሳስረዳ አንዳንዶቹ እንባቸው ይመጣል። በጉ ከየት እንደመጣ ግን የጠየቀ የለም፣ እኔንም ጨምሮ። እኔ ያስተማርኩት ሽሮና ዓሣ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት እንግዳ ደወለችልኝ። «እመቤቴ፣ ለመንገድ ብለው የሰጡኝን ቆሎ ስከፍት የሰጠሁት ፖስታ ውስጡ ነው! ሳይነኩት መልሰውልኛል» አለችኝ። ሳቅሁ። ቀጥሎ ምን አደረግሁ? ሪፖርት ላይ ጻፍኩት። «የወሎ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነት» ብዬ ትልቅ ስብሰባ ላይ አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ፣ የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም።

ወደ ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ እንግዳ መነጽሩን ረስቶ ኖሮ ደወለና፣ እሱን ላመጣ በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አዲስ የበግ ቆዳ ተወጥሮ ይደርቃል። ልጆቹ አንሶላ እያጠቡ ነው፤ የትምህርት ቀን ነበር። ከድጃ ማድ ቤት ውስጥ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ትበላለች። ስታየኝ ሳህኑን ወደ ኋላዋ ደበቀችና፣ «ውይ እታለም! ሳትነግሪኝ?» ብላ ተነሳች፤ ትልቋን ልጅ በዓይኗ ጠቅሳ እንቁላል እንድትበደር ወደ ጎረቤት ልትልክ ስትል እጇን ያዝኳት።

በረቱን አየሁ። ባዶ ነው።

«ጊደሯስ?»

«ሸጥኳት።»

«መቼ?»

«ፍራሹ የተገዛ ጊዜ ነዋ። ድጋፉ ይመጣል ብለሽ ዘገየ፣ እንግዳው ደግሞ ቀን ቆርጧል። መሬት ላስተኛው?»

«በጎቹስ?»

ቆዳውን በዓይኗ አሳየችኝ።

«ከድጃ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እንግዳ ከበደኝ ልበል? ወላሂ ይህ ካፌ አይወጣም።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን እሺ አልሽኝ?»

እንደ ሕፃን አየችኝ። «አንችም እንግዳ ሁነሽ ነዋ የመጣሽ» አለች። «ቤቴ ገብተሽ፣ እንጀራዬን ቆርሰሽ ስትለምኝኝ እንቢ ይባላል እንዴ?»

እዚያው የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ ናት ያባበለችኝ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ እታለም፣ ከብት ነው እንጂ ሰው አልሞተ» ትለኛለች፤ እኔ ነበርኩ እሷን ማባበል የነበረብኝ። ያን ቀን እንዳፈርኩ አፍሬ አላውቅም። ድህነትን አቃልላለሁ ብዬ የገባሁበት ቤት ከመግባቴ በፊት ከነበረው የባሰ ደሃ ሆኗል፤ እኔ በሱ ጭብጨባ ተቀብያለሁ። ትምህርት ቀርተው አንሶላ የሚያጥቡት ልጆች ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ውጫሌ ወረድኩ። ጋሽ እንድሪስ ጓሯቸው ውስጥ ሎሚ እያጠጡ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጀሪካኑን አስቀመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«በማግስቱ ትሄጅ ነበር?»

«አልሄድም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሎሚያቸውን አየት አደረጉና፣ «ሰርግ ቤት ስትሄጅ እጅ መንሻውን የሚቀበልሽ ማነው?» አሉኝ።

«ደጅ ላይ የተቀመጠ ጎረቤት ነዋ።»

«የሙሽራው አባት ለምን አይቀበልም?»

«ነውር ነዋ፣ ጋሼ።»

«ጎረቤቱስ አያፍርም?»

«እሱማ ምን ያሳፍረዋል? ለሌላ ሰው ነው የሚቀበለው። እንዲያውም ትንሽ የሰጠውን ሰው ይገላምጠዋል።»

«እህ» አሉና ጀሪካናቸውን አነሱ። ጨረሱ ማለት ነው። ከሳቸው ጋር መሥራት እንዲህ ነው፤ መልሱን ራስሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ሳምንት ሳይሞላ አርዲቦ ዳር ዋርካ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ሼኁም ቄሱም መጡ። እኔ ቆሜ ጥፋቴን በግልጽ ተናገርኩ፤ የከድጃን ስም ግን አላነሳሁም፤ ሁሉም ያውቃል። አንድ አዛውንት በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው፣ «እንግዳ በገንዘብ ከሆነ ከቤታችን በረካው አይሄድም ወይ?» አሉ። ጥያቄው የኔም ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፤ የከድጃን ከብት ካጠፋሁ በኋላ ደግሞ የአገሬን ጠባይ ላጠፋ ይሆን ወይ ብዬ።

ሼኁ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «መሽቶበት በር የሚያንኳኳ ትናንትም ዛሬም የአላህ እንግዳ ነው፣ ማንም አይጠይቀው» አሉ። «ደውሎ፣ ቀን ቀጥሮ፣ አልጋ ይዞ የሚመጣው ግን የሥራ እንግዳ ነው። የሥራ ሰው ዋጋውን ቢከፍል ክብሩ ነው፣ ውርደትም የለበት።»

ቄሱ ቀጠሉ። «ለሥራ እንግዳ ደግሞ እርድ የለም። በግ ካማረው ገዝቶ ይምጣ። ከዛሬ ጀምሮ ለሥራ እንግዳ የራሱን በግ ያረደ ሰው ጎረቤት አይጠራ፣ ብቻውን ይብላ!»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብሎ ሲጨምር ሳቁ ባሰ። ሳቁ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ወሎዬ ብቻውን ከሚበላ ሙክት ይልቅ ከጎረቤት ጋር ባዶ ሽሮ ይመርጣል። ከዚያ ስለ አከፋፈሉ የኔ ተራ ደረሰ። ማንም ባለቤት ከራሱ እንግዳ ገንዘብ አይቀበል፣ የከድጃን አያ መኮንን ይቀበሉ፣ የአያ መኮንንን ከድጃ ትቀበል አልኩ። ዱዓ ተደረገ፣ እስላም ክርስቲያኑ አሚን አለ፣ ተበታተንን።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አያ መኮንን ቤት ያደሩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ፤ እንግዲህ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ከድጃ ሻሿን አጥብቃ አስራ መውጫው ላይ ቆማለች። ለራሷ ቢሆን ድምጿ የማይሰማ ያቺ ሴት፣ «ደህና አደራችሁ? ተመቻችሁ? በሉ የአያ መኮንንን እዚህ» አለችና እጇን ዘረጋች። አንደኛው ልጅ ሊከራከር ፈለገ፣ ትንሽ አይቀነስም ወይ ምናምን አለ።

«ምን አልክ?» አለች ከድጃ። «ሰውዬው አልጋውን ለቆልህ ማድ ቤት አድሮ፣ ጢስ እያነቀው፣ ቀንሱ ትላለህ? እናትህ ብትሰማህ ምን ትላለች?»

ልጁ ከፈለ፤ ይቅርታም ጠየቀ። አያ መኮንን አጥር ጀርባ ተደብቀው አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ይስቃሉ። በሳምንቱ ደግሞ እሳቸው ለከድጃ በተራቸው ቆሙ። አያ መኮንን ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው መንገዱ መሐል ዝም ብለው ይቆማሉ፣ እንግዳው ራሱ ጠይቆ ይከፍላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው እግር አወጣ። ሦስቱ ቤቶች ሰባት ሆኑ። ዳቦው ከሐይቅ ዳቦ ቤት ይመጣል፣ ዓሣው ከአጥማጆቹ፣ እንግዳውን የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው፣ አንሶላውን የምታጥብ ሴት በክፍያ ተቀጠረች፤ የከድጃ ልጆችም ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። እኔ ከዚያ ወዲያ ቤቶቹን የማየው በማግስቱ ብቻ ሆነ። ማድ ቤት እገባለሁ፣ ማሰሮ እከፍታለሁ፣ በረት እቆጥራለሁ። «የቱሪዝም ናት ወይስ የከብት ሐኪም?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

መንገድ ተዘግቶ እንግዳ የጠፋባቸው ክፉ ዓመታትም መጡ። ያን ጊዜ እነዚያ ፍራሾች ላይ የተኙት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ነበሩ። በአንድ አልጋ ሦስት አራት ሆነው ወራት ተቀመጡ። መውጫው ላይ የቆመ ጎረቤት አልነበረም። ያለው ሰው እህሉን አመጣ፣ የሌለው እንጨት ሰበረ። ዋርካው ሥር የፈራሁት ነገር ያኔ ከልቤ ወጣ፤ ሰዉ የአላህን እንግዳና የሥራውን እንግዳ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ያቺ ቀይ ጊደር ግን አልተመለሰችም። ዘሯ ከዚያ ቤት ጠፋ። ከድጃ በኋላ ሌላ ከብት ገዝታለች፣ ያው ከብት ነው፣ ባሏ የተወላት ግን አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከድጃ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነበር። እንግዳን ክፉ አይናገሩትም። ይቅር ብላኝ ይሁን ወይስ እንግዳ ስለሆንኩባት ዝም ብላ ይሁን፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ይህ ጥያቄ እስከ ጡረታዬ አብሮኝ ኖረ።

ሽኝቴ ላይ ጋቢ ለበስኩ፣ ብዙ ደግ ቃል ሰማሁ። አላህ ይርሐማቸውና ጋሽ እንድሪስ በሕይወት የሉም፤ ቢኖሩ ለሽኝቱ ሳይሆን በማግስቱ ቤቴ ይመጡ ነበር። በወሩ ከድጃ ደወለችልኝ። «ሠራተኛነቱ አልቋል አይደል? እንግዲያ ነይና አንድ ቀን እደሪ» አለችኝ። እውነትም በዚያ ሁሉ ዘመን እዚያ ቤት አድሬ አላውቅም።

ሄድኩ። ዓሣ በላን፣ ስለ ልጆቿ አወራን፤ ትልቋ ደሴ ነርስ ሆናለች። ጠዋት ስነሳ ሐይቁ ላይ ጭጋግ ነበር። ቁርሴን በልቼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ከፖስታዬ ጋር ወደ መውጫው ሄድኩ። አያ መኮንን የሉም። ዞር ዞር ብዬ ብፈልግ ማንም የለም። ከድጃ ከኋላዬ ደረሰች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አያ መኮንንን። የአዳሩን ልከፍል።»

«እሳቸው ማሳ ናቸው» አለች። «አልጠራኋቸውም። ለኔው ስጭኝ።» እጇን ዘረጋች፤ መሬት መሬት አላየችም፣ ዓይኔን ነው ያየችው።

ያልገባኝ መሰላት። «እንግዳ ብትሆኝማ እጠራቸው ነበር» አለችኝ። «የቤት ሰው ነሽ። ከቤት ሰው ምን ያሳፍራል?»

ፖስታውን ሰጠኋት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ እያለኝ የከፈልኩት ገንዘብ የለም። ከድጃ ሳታመሰግነኝ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ከዚያ ትከሻዬን ገፋ አድርጋ፣ «በይ ፀሐዩ ሳይበረታ ሂጅ፣ እኔም ሥራ አለብኝ» አለችኝ።